ሃያ ሰባት ቁጥር ሠፈር

ሎርና ቪድሪን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተብሎ በተሠራ ክብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ብረት ጋር እየተላተመ፣ ስለ አንድነት የሚደረግ ንግግር ትሰማለች። ንግግሩ አዲስ አይደለም። ዴል ኩቢቼክ ከጥር ወር ጀምሮ በየማክሰኞው፣ የድንች ጥብስ ሽታ በማይለቀው በዚህ የተማሪዎች ምግብ አዳራሽ ውስጥ፣ ያንኑ ነው የሚለው።

«አንድ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቡድን። ሃርለን ክሪክ ማለት ይኸው ነው» አለ ዴል፣ የትምህርት ቤቱን የፉትቦል ቡድን ኮፍያ ከፍ ዝቅ እያደረገ። «የዘጠነኛ ክፍል ልጆቹን ለብቻቸው በአዲሱ ሕንፃ እናስገባ። መጨናነቁ ይቀላል፣ ማንም ከማንም አይለይም።»

«ዘጠነኞቹ ከሌላው ሁሉ ይለያሉ እንጂ» አለች ሎርና።

«ለአንድ ዓመት እኮ ነው።»

«ላንተ አንድ ዓመት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሦስት ሺህ ልጅ የተሠራው የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ሺህ ስድስት መቶ ልጅ ታጭቆበታል። የመጀመሪያው ፈረቃ ምሳውን የሚበላው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ቁርሱ ሳይወርድለት። ከሐዲዱ ማዶ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ አልቋል፣ ቀለሙም ደርቋል፤ ጭቅጭቁ ማን ይግባበት የሚለው ነው። ገሚሱ ወላጅ ለዘጠነኛ ክፍል ብቻ የሚሆን ግቢ ይሁን ይላል። ገሚሱ ደግሞ የለም፣ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይሁንና ከተማው ለሁለት ይከፈል ይላል። ጭቅጭቁን እንዲጨርሱ አርባ ወላጆች ተመርጠው ኮሚቴ ሆኑ። አርባ ሰው የእራት ቦታ እንኳን መርጦ አይስማማም።

ሎርና ኮሚቴው ውስጥ የገባችው ስለ ከተማው ተጨንቃ አይደለም። ለሰው አልተናገረችውም እንጂ ምክንያቷ አንድ ነው፤ ኦዴት። ልጇ ኦዴት በሚቀጥለው ነሐሴ ዘጠነኛ ትገባለች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ወንድሟ ኮልቢ ደግሞ በዚያው ነሐሴ አሥራ ሁለተኛ ይገባል። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት የሚገናኙት በዚያች አንዲት ዓመት ብቻ ነው። አባታቸው ባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ ውስጥ ስለሚሠራ በወር ግማሹን ቤት የለም፤ ልጅቷ ስትወድቅ የሚያውቅባት ኮልቢ ነው። በጎኗ ያስተኛታል፣ ጃኬቱን ከራሷ ሥር ያደርጋል፣ የሚያፈጠውን ሰው ያባርራል፣ ሰዓቱን ያያል። አምስት ደቂቃ ካለፈ አፍንጫዋ ውስጥ የሚረጨውን መድኃኒት ይሰጣታል። ስትነቃም ስለ ውሻቸው ያወራላታል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ትዝ የሚላት ውሻው ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ስሟ። ለዚህ ሲል ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሰከንድ ቆጣሪ ያለው ርካሽ የእጅ ሰዓት ያስራል። ገላውን ሲታጠብ እንኳን አያወልቀውም።

እና ዴል ኩቢቼክ «ለአንድ ዓመት እኮ ነው» ባለ ቁጥር የሎርና ደም ይፈላል።

በሚያዝያ የባለቀለም ነጥቦቹ ተራ ደረሰ። ኮርዊን የምትባል አማካሪ ከዳላስ መጥታ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ወረቀት ሰቀለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት አረንጓዴና አንድ ቀይ ተለጣፊ ነጥብ አደለች። የወደዳችሁት ላይ አረንጓዴ፣ የማትችሉት ላይ ቀይ። ጎልማሳ ሁሉ፣ ጠበቃውም የጥርስ ሐኪሙም፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ ነጥብ ሊለጥፍ ተሰለፈ። ከመለጠፉ በፊት ዴል አንድ ነገር ልናገር አለ። በዚህ ጊዜ ስለ አንድነት አልነበረም።

«ልጄ ማርሊ በሚቀጥለው ነሐሴ ዘጠነኛ ትገባለች። አራት ጓደኞች አሏት፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አልተለያዩም» አለ። «ጓደኞቿ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ከተማው ከተከፈለ ብቻዋን ትቀራለች። ለእኔ ይኸው ነው ነገሩ፤ ሌላውን ለማሳመር ነው ያወራሁት።»

ሎርና ያን ቀን ከሥራ በኋላ ምንም አልቀመሰችም፤ ራሷንም ያማት ነበር።

«ዴል፣ እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ልጅ አለው» አለችው። «የራስህን ልጅ ብቻ የምታስብ ከሆነ እቤትህ ቁጭ ብለህ አስብ። እኛ የመጣነው ለሁሉም ልጅ ነው። ልጆች በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት መቀየር የለባቸውም፤ ነገሩ ይኸው ነው።»

ተጨበጨበላት። ዴል ጆሮው ቀላ፤ ኮፍያውን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሎርና ምን እንደሠራች ወዲያው ገብቷታል፤ ግን ጭብጨባው ደስ ብሏት ነበር። የዘጠነኞቹ ግቢ ወረቀት ሃያ ስድስት ቀይ ነጥብ ተለጠፈበት፤ ሞተ።

አሁን የቀረው ከተማውን እኩል መክፈል ብቻ ነው። ብቻ ነው መባሉ ነው እንጂ፣ እውነተኛው ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ኮርዊን ከተማውን በሠላሳ ስምንት ትንንሽ ሠፈር ከፋፍላ ካርታውን ስትዘረጋ፣ አርባውም ሰው መጀመሪያ የፈለገው የቤቱን ጣሪያ ነው። የሐዲዱ ሰዎች ወንዙ ነው ድንበሩ አሉ፤ የወንዙ ሰዎች ሐዲዱ ነው አሉ። አንዱ «የእኛ ሠፈር ከነባሩ ትምህርት ቤት ከተነጠለ የቤታችን ዋጋ» ብሎ ጀመረና ሌላው ሳያስጨርሰው «እሱን ነው ስንጠብቅ የነበረው» አለው። ሦስት ማክሰኞ እንዲህ አለቀ። አንደኛው ትምህርት ቤት ላይ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ልጅ ተከመረ፣ ለሌላው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብቻ ቀረለት። በነፃ ምሳ የሚበሉት የድሃ ልጆች ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ተጠራቀሙ፤ ይኼ ደግሞ አይፈቀድም።

በአራተኛው ማክሰኞ ኮርዊን ካርታውን ጠቅልላ ደበቀችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ካርታ የለም» አለች። «ሠፈሮቹን አዲስ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ፤ የቱ የማን እንደሆነ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ስንት ልጅ እንዳለና ስንቱ በነፃ እንደሚበላ ብቻ ታያላችሁ። ሳታዩ እኩል ታደርጋላችሁ፤ እኩል የመጣውን ካርታው ሲገለጥ ላለመቀየር ትፈርማላችሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር የሚታሰበው በዚህ አገር ብቻ ይመስለኛል። ሰው ፍትሐዊ እንዲሆን ዓይኑን ሸፍነው እርሳስ ያስጨብጡታል።

ሎርና ግን ዓይኗ በራ። የኮንክሪት መኪና ስምሪት ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ይኸንን ነው። የትኛው መኪና ወዴት፣ ስንት ጭኖ፣ የቱ ይቀድማል፤ ኮንክሪት ደግሞ አይጠብቅም፣ ይደርቃል። ወረቀቱን ሃያ ደቂቃ አየችና እርሳሷን ጣለች።

«ሃያ ሰባትን ወደ አዲሱ ውሰዱት፣ አሥራ አራትን ወደ ነባሩ መልሱት» አለች። «ሌላውን አትንኩት።»

ኮርዊን ደመረች። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ እና ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ። በነፃ የሚበሉትም በሁለቱም ወገን አንድ ሦስተኛ። አንድ ሰው «ኧረ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለ፤ ሌላውም ተከተለ።

መፈረሚያው ወረቀት ሲዞር ዴል ላይ ቆመ።

«ካላየሁ አልፈርምም» አለ።

«ካየህ ነው እንጂ የማትፈርመው» አለችው ሎርና፤ እስክሪብቶዋንም አቀበለችው። ሰው ሳቀ። ዴል ፈረመ።

ኮርዊን ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራች። ነባሩ ትምህርት ቤት ሰማያዊ፣ አዲሱ ብርቱካናማ። ሎርና መጀመሪያ ያየችው የውሃ ጋኑን ነው፤ በኩሽናዋ መስኮት በየቀኑ የምታየውን። ከጋኑ በታች ሁለት መንገድ፣ ከዚያ የእሷ መንገድ። ብርቱካናማ። ላዩ ላይ ሃያ ሰባት ተጽፎበታል።

እጇ አፏ ላይ ሄደ። አዲሱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት የሚቀበለው ዘጠነኛና አሥረኛን ብቻ ነው። ኮልቢ በነባሩ ይቀራል። ኦዴት ብቻዋን ሐዲዱን ተሻግራ ትሄዳለች። የዴል ሐሳብ ቢያሸንፍ ኖሮ የምትገባው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ የእናቷ ሐሳብ አሸንፎም የምትገባው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። አምስት ወር ሙሉ ጉልበቷን በብረት ስታስደበድብ የከረመችው ለዚህ ነው።

ዴል ከእሷ ሁለት መንገድ ወዲያ ነው የሚኖረው። እሱም ብርቱካናማ ሆኗል። ዞሮ አያት፤ አልሳቀም፤ አለመሳቁ ይበልጥ ባሰባት።

አዳራሹ ውስጥ የተደሰተች አንዲት ሴት ነበረች። ዮላንዳ ሴርና ትባላለች፤ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ትሠራለች፣ ከጥር ጀምሮ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። አሥራ አራት ቁጥር የእሷ የኪራይ ሠፈር ነው። ከነባሩ ትምህርት ቤት አጥር ፊት ለፊት ነው፤ በቀደሙት ካርታዎች ሁሉ ግን ልጆቹ በአውቶቡስ ከሐዲዱ ማዶ ይላኩ ነበር፤ የሚከራከርላቸው ሰው አልነበረማ። መጥታ ሎርናን አቀፈቻት።

«ልጄ በእግሩ ይሄዳል» አለቻት። «መንገዱን ተሻግሮ ብቻ። እግዚአብሔር ያክብርሽ።»

«ምንም አይደል» አለች ሎርና።

በማግስቱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ልጄ ሕመምተኛ ናት፣ ከወንድሟ ጋር ትሁንልኝ ብላ የሐኪም ወረቀት አስገባች። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፤ ነባሩ ትምህርት ቤት ለዝውውር ዝግ ነው፣ አዲሱም የራሱ ነርስ አለው፣ ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን። ነርሷ ከሺህ ለሚበልጥ ልጅ አንድ ናት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው፤ ለምን እንደለጠፈችው እሷም አታውቅም።

«ስለ ጭንቅላቴ ለስንት ሰው ነው የምትጽፊው?» አለቻት ኦዴት፣ ወተት ልታወጣ መጥታ አይታው።

«ለሚመለከተው።»

«እኔን አይመለከተኝም ማለት ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም።»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ብቻሽን መውደቅ ትፈልጊያለሽ ወይ ልበል?»

ኦዴት ወተቱን ይዛ ሄደች። ሎርና ባለጌ አፏን ረገመች።

በሰኔ፣ የትምህርት ቦርዱ በክፍፍሉ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ ዴል መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቃት። ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ አስፋልቱ ገና ይፋጃል።

«የተናጋሪ ካርድ ሞልተሻል?» አላት።

«ሞልቻለሁ።»

«አንቺን ይሰሙሻል። ቁጥሩን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ሃያ ሰባት ይመለስ፣ አሥራ አራት ይሂድ በያቸው፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ከአሥራ አራት የሚጮህ ማንም አይመጣም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአንቺንም ልጅ አውቃለሁ፣ ሎርና። ባለፈው ዓመት በከተማው የውሻ ትርዒት ላይ ስትወድቅ ነበርኩ። ምን እንደፈለግሽ ገብቶኛል። ቀድሞ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ በሚያዝያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«የሰው ልጅ ሕመም በአዳራሽ አይወራማ» አለ ዴል፣ ተቆጥቶ።

ይኼን ሰምታ ነው የገባችው። በሃርለን ክሪክ ሰው የሚጣላው በወረፋ ነው፤ ካርድ ይሞላል፣ ስሙ ይጠራል፣ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ቀይ ከበራ በኋላ እናትህ ሞታም ከሆነ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ተናገረ። አንዱ ስለ ቡድኑ፣ አንዷ ስለ ትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ባንድ፣ አንዱ ስለ አያቱ መሬት። ሎርና ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት እያየች የምትለውን በልቧ አዘጋጀች። ጥሩ አድርጋ አዘጋጀችው፤ ልዩነቱ ትንሽ መሆኑን፣ ሃያ ሰባት ለነባሩ እንደሚቀርብ። ያሳምናል።

ከእሷ በፊት ዮላንዳ ሴርና ተጠራች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ሰው ተክታ መጥታለች።

«ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው» አለች። «በቀደሙት ካርታዎች ቢሆን አውቶቡስ ለመያዝ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊነሣ ነበር፤ በመስኮቱ ግን ትምህርት ቤቱን ያየዋል። ይኸው ነው። አመሰግናለሁ።» አረንጓዴው መብራት ሳይጠፋ ሄዳ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ቪድሪን» አለ የቦርዱ ሰብሳቢ። «ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

ሎርና ማይክሮፎኑን ያዘች። ያዘጋጀችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ፤ ወይም እሷ ነች የገፋችው።

«ሎርና ቪድሪን እባላለሁ። ሃያ ሰባት ቁጥር ሠፈር ነው የምኖረው» አለች። ከኋላ ሰው አጉረመረመ። «ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳወጣው የቤቴ ቁጥር መሆኑን አላወቅሁም፤ ባውቅ አላወጣውም ነበር። ከጥር ጀምሮ ልጆች ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት አይቀይሩ ስል ከርሜያለሁ። እሱ አልነበረም ምክንያቴ። ምክንያቴ የራሴ ልጅ ናት። ዴል ኩቢቼክ ምክንያቱን በግልጽ ሲናገር በሰው ፊት አዋረድኩት፤ ይቅር ይበለኝ።»

ዴል መሬት መሬት ያያል።

«ዛሬ የመጣሁት ቁጥሩን ቀይሩልኝ ልላችሁ ነበር።» ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «ቁጥሩ ልክ ነው። አትንኩት።»

መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ተቀመጠች። ቦርዱ ስድስት ለአንድ አጸደቀው። አንዱ የተቃወመው ስለ ቡድኑ ነው።

ስትወጣ ኮልቢና ኦዴት መኪናው ውስጥ ናቸው። ኮልቢ ፊቷን አይቶ በሩን ከፈተላት። ኦዴት ግን ጠየቀች።

«ስለ ጭንቅላቴ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ጎበዝ» አለች ኦዴት። ስላቅ ይሁን እውነት አልለየም።

መስኮቱ ተንኳኳ። ዴል ነው፤ ከኋላው ማርሊ ማስቲካ እያኘከች ቆማለች። ረጅም ልጅ ናት፣ ትከሻዋ የዋናተኛ ነው፤ መጎተቷም ደስ አላሰኛትም።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለ ዴል። «እሱን እወቂው። ግን ማርሊ እዚያ አንድም ሰው አታውቅም፣ የአንቺም ልጅ አታውቅም። በአንድ አውቶቡስ ነው የሚሄዱት። ስትወድቅ ምን መደረግ እንዳለበት ንገሯት።»

ሎርና አፏን ከመክፈቷ ኮልቢ ከመኪናው ወረደ። በጎን ማስተኛት፣ ከራሷ ሥር የሚደረገው ጃኬት፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይገባ፣ አምስት ደቂቃ፣ መድኃኒቱ የቦርሳዋ የፊት ኪስ ውስጥ። ፈጥኖ ፈጥኖ ነው የተናገረው፣ የሚቀሙት ይመስል። ማርሊ ማኘኳን አቁማ አዳመጠችው፤ ከዚያ እሱን ትታ በመስኮቱ ወደ ኦዴት ጎንበስ አለች።

«ስትነቂ ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው?»

ኦዴት እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሰው ጠይቋት አያውቅም። «እሱ ስለ ውሻችን ነው የሚያወራልኝ» አለች።

«እኛ ውሻ የለንም። ፍየል ነው ያለን፤ ጠባዩ መጥፎ ነው።»

«ፍየልም ይሆናል» አለች ኦዴት፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«ሰዓቱን እንዳትረሺ» አለ ኮልቢ። «ሰው ሲደነግጥ አንዷ ደቂቃ አሥር ትመስለዋለች።»

«በስልኬ አያለሁ።»

«ስልክ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም።»

ማርሊ ባዶ ክንዷን አየች። ኮልቢ ሰዓቱን ከክንዱ ፈታ። ማሰሪያው ከቆዳው ጋር ተለማምዶ ኖሮ ቶሎ አልለቀቀም፤ ከሥሩ ያለው ገላው ነጭ ነበር። አንድ ሁለቴ ጠረገውና ሰጣት። ማርሊ አሰረችው፤ ለክንዷ ሰፋት፤ አባቷ በኪስ ቢላዋው ተጨማሪ ቀዳዳ ሊበሳላት ጎንበስ አለ። ሎርና ዞር ብላ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ስትፈልግ ቆየች፤ ቁልፉ መኪናው ላይ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ኦዴት ከኋላ ሆና ፍየል ሰው ይነክሳል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ማንም አያውቅም ነበር። ሐዲዱ ላይ የዕቃ ባቡር አቆማቸው፤ ረጅም ነበር፤ ባቡሩ አልፎ እስኪያልቅ ኮልቢ ሁለት ጊዜ ክንዱን አየ።